ከመጀመሪያው ፍሬ በፊት፣ በሁለት ፓኬት መካከል፦ ጥምር የወሊድ መቆጣጠሪያ ክኒንን ያለ ጉዳት ስለ መውሰድ

(በአንድ የሴቶች ጤና መድረክ ላይ ከቀረበ ንግግር የተጻፈ)

የተከበራችሁ እናቶችና እህቶች፣ እንዲሁም ከባለቤቶቻችሁ ጋር የመጣችሁ ወንድሞች፤

ዛሬ እንድናገርበት የተጋበዝኩት ጉዳይ በየቀኑ የሚዋጠው የወሊድ መቆጣጠሪያ ክኒን፣ በተለይም ኢስትሮጅንና ፕሮጄስቲን የተባሉትን ሁለት ሆርሞኖች አጣምሮ የያዘው ዓይነት፣ ያለ ጉዳት እንዴት እንደሚወሰድ ነው። በአገራችን የዚህ ክኒን ተጠቃሚ ከሌሎቹ ዘዴዎች አንጻር ጥቂት ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 በተካሄደው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ካገቡ ሴቶች መካከል መርፌ የሚጠቀሙት 23 በመቶ ሲሆኑ፣ ክኒን የሚወስዱት 2 በመቶ ገደማ ብቻ ነበሩ፤ በ2019 በተደረገው አነስተኛ ጥናትም የክኒኑ ድርሻ ከዚያ ፈቀቅ አላለም። ይሁን እንጂ መርፌ የምትወጋ፣ በክንዷ የሚቀበረውን የምታስገባ ወይም በማህፀን ውስጥ የሚቀመጠውን ሉፕ የምታስገባ ሴት ወደደችም ጠላችም ከጤና ባለሙያ ፊት መቀመጧ አይቀርም። ክኒኑ ግን ከመድኃኒት ቤት በአንድ ደቂቃ ተገዝቶ፣ አንዳንዴም በታናሽ እህት ወይም በጎረቤት ተልኮ፣ ቦርሳ ውስጥ ይገባል። የደም ግፊቷን የለካት የለም፤ ሌላ መድኃኒት ትወስድ እንደሆነ የጠየቃት የለም፤ አንድ ቀን ብትረሳ ምን እንደምታደርግ የነገራት የለም። የጥንቃቄው ሸክም ሁሉ በእሷ ትከሻ ላይ ያርፋል።

እኔ ፋርማሲስት እንደመሆኔ ይህን ክኒን በየቀኑ እሸጣለሁ፤ ጥሩ መድኃኒት እንደሆነም አምናለሁ። የማምንበትን ሌላም ነገር አስቀድሜ ልናገር፦ ይህ ክኒን ጉዳት የሚያደርስባቸው ወይም ሳይሠራ የሚቀርባቸው አጋጣሚዎች አብዛኞቹ ከሁለት ቦታ የሚመነጩ ናቸው። አንደኛው የመጀመሪያው ፍሬ ከመዋጡ በፊት ሊጠየቁ ሲገባ ያልተጠየቁት ጥያቄዎች ናቸው። ሁለተኛው ደግሞ አንዱ ፓኬት አልቆ ሌላው እስኪጀመር ያሉት ጥቂት ቀናት ናቸው። ንግግሬም በእነዚህ በሁለቱ ላይ ያተኩራል።

አስቀድመን ክኒኑ የሚሠራውን በአጭሩ እንመልከት። በሁለቱ ሆርሞኖች ምክንያት እንቁላል ከእንቁላል ማምረቻው ወጥቶ የወንዱን ዘር ለመቀበል ዝግጁ እንዳይሆን ይደረጋል፤ በማህፀን በር ላይ ያለው ፈሳሽም ወፍሮ የወንዱ ዘር እንዳያልፍ ያግዳል። በየቀኑ ሳይቋረጥ ከተወሰደ፣ ከ100 ሴቶች በዓመት ውስጥ የምታረግዘው ከአንዲት በታች ናት። በእውነተኛው ኑሮ ግን፣ መርሳቱም፣ ማለቁም፣ መዘግየቱም ስላለ፣ ቁጥሩ ወደ 7 ከፍ ይላል። በአንድ ዓይነት ክኒን ላይ ይህን ያህል ልዩነት የሚፈጥረው አወሳሰዱ ነው።

ክኒኑ ዛሬ የምናውቀውን መልክ ከመያዙ በፊት የነበረውን ታሪክም መጥቀስ ተገቢ ይመስለኛል፤ ምክንያቱም ስለ ጥንቃቄ የምናወራው አብዛኛው ነገር ከዚያ የተወለደ ነው። እ.ኤ.አ. በ1960 በአሜሪካ ለወሊድ መቆጣጠሪያነት የተፈቀደው የመጀመሪያው ክኒን ኤኖቪድ ይባል ነበር፤ በአንዱ ፍሬ ውስጥ የነበረው ኢስትሮጅን 150 ማይክሮግራም ሲሆን፣ ዛሬ በጤና ተቋሞቻችን በብዛት የሚታደለው የሚይዘው ግን 30 ገደማ ነው። ከዚያ በፊት በ1956 በፖርቶ ሪኮ ድሆች ሴቶች ላይ ሰፊ ሙከራ ሲካሄድ፣ የሚውጡት ነገር ገና በሙከራ ላይ ያለ መሆኑ በቅጡ አልተነገራቸውም። መድኃኒቱ በሚሊዮን ለሚቆጠሩ ሴቶች ከተሸጠ በኋላ የደም መርጋትና የስትሮክ ወሬ ይሰማ ጀመር። በ1970 የአሜሪካ ሴኔት በሴናተር ጌይሎርድ ኔልሰን ሰብሳቢነት ጉዳዩን ሲመረምር፣ ክኒኑን ከዋጡት ሴቶች አንዷም እንድትመሰክር አልተጠራችም፤ ወጣት ሴቶች ከአዳራሹ መካከል ተነሥተው «ለምን አልተነገረንም?» ብለው ጮኹ። በክኒን ፓኬት ውስጥ ተጣጥፋ የምትገኘው የማብራሪያ ወረቀት የዚያ ጩኸት ፍሬ ናት። እኛ አገር ብዙ ጊዜ በእንግሊዝኛ የተጻፈች ስለሆነች ሳትነበብ ትጣላለች፤ እኔ ግን ያቺን ወረቀት ለደንበኛዬ በአማርኛ፣ በአፋን ኦሮሞ ወይም በምትሰማው ቋንቋ የመንገር ግዴታ እንዳለብኝ ይሰማኛል።

እንግዲህ ከመጀመሪያው ፍሬ በፊት መጠየቅ ወደሚገባው እንለፍ። ከሁሉ አስቀድሞ የደም ግፊት ይለካል። ይህ ክኒን በአንዳንድ ሴቶች ላይ ግፊትን ከፍ ያደርጋል፤ ቀድሞውኑ ከፍ ያለ ግፊት ባላት ሴት ላይ ሲጨመር ደግሞ የስትሮክና የድንገተኛ የልብ ሕመም አደጋን ያባብሳል። ላይኛው ቁጥር 140 ወይም ታችኛው 90 ከሆነ፣ ወይም ከዚያ በላይ ከወጣ ጥምሩን ክኒን አለመጀመር ነው፤ 160 በ100 ከደረሰ ደግሞ ጨርሶ የሚታሰብ አይደለም። ከፍ ያለ ግፊት ብዙ ጊዜ ምንም ዓይነት ስሜት ስለማይሰጥ «እኔ ጤነኛ ነኝ፣ አንድም ቀን ራሴን አሞኝ አያውቅም» ማለት መልስ ሊሆን አይችልም። መለኪያው በየጤና ጣቢያው፣ በየጤና ኬላውና በብዙ መድኃኒት ቤቶች አለ፤ የሚወስደውም ጊዜ ከአምስት ደቂቃ አይበልጥም። ከተጀመረ በኋላም በሦስት ወር ገደማ አንድ ጊዜ፣ ከዚያም ቢያንስ በዓመት አንድ ጊዜ መለካት ይገባል። ከዛሬው ንግግር አንድ ነገር ብቻ ይዛችሁ እንድትሄዱ ብመርጥ፣ ይህን የግፊት ልኬት እመርጥ ነበር።

ቀጥሎ የሚመጣው የወለደች ሴት ጉዳይ ነው፤ በእኛ አገር ብዙ ስሕተት የሚፈጸመውም እዚህ ላይ ነው። የምታጠባ እናት በመጀመሪያዎቹ ስድስት ሳምንታት ጥምሩን ክኒን ፈጽሞ መውሰድ የለባትም፤ ከዚያም በኋላ ሕፃኑ ስድስት ወር እስኪሞላው ድረስ ሌላ ዘዴ ብትይዝ ይመረጣል። ለዚህ ሁለት ምክንያት አለ። ኢስትሮጅን የጡት ወተትን ሊቀንስ ይችላል፤ ከወሊድ በኋላ ባሉት ሳምንታት ደግሞ የአራስ ደም በተፈጥሮው ለመርጋት የተዘጋጀ ነው። የማታጠባ ብትሆንም ቢያንስ ሦስት ሳምንት፣ በቀዶ ሕክምና የወለደች ወይም ሌላ ተጋላጭነት ያለባት ከሆነች ደግሞ ስድስት ሳምንት መጠበቅ አለባት። ለምታጠባ እናት ፕሮጄስቲን ብቻ የያዘ ሌላ ክኒን አለ፤ ማሸጊያው ተመሳሳይ ስለሚመስል፣ የክርስትና ድግስ አልፎ ወደ መድኃኒት ቤት የምትመጣ እናት «የወሊድ መቆጣጠሪያ ክኒን ስጠኝ» ከማለቷ ጋር «አጠባለሁ» የሚለውን ቃል ብትጨምርልን ብዙ ነገር ይስተካከላል። እሷ ባትጨምር እንኳ መጠየቅ የእኛ ሥራ ነው፤ ከመደርደሪያው ወዲህ ላሉት ባልደረቦቼ ይህን አደራ እላለሁ።

ሌሎቹን ፈጠን ብዬ ልጥቀስ። ዕድሜዋ 35 ዓመት የሞላትና ሲጋራ የምታጨስ ሴት ይህን ክኒን መውሰድ የለባትም። ከዚህ በፊት በእግሯ ወይም በሳንባዋ ውስጥ ደም የረጋባት፣ ስትሮክ ወይም ድንገተኛ የልብ ሕመም ያጋጠማት፣ የጡት ካንሰር ያለባት፣ ከባድ የጉበት በሽታ ወይም የጉበት ዕጢ ያለባት፣ እንዲሁም የስኳር ሕመሟ ዓይኗን፣ ኩላሊቷን ወይም ነርቯን የጎዳባት ሴት ሌላ ዘዴ ያስፈልጋታል። ከባድ ቀዶ ሕክምና ተደርጎላት ለብዙ ቀን አልጋ ላይ የምትቆይ ከሆነም፣ ቀጠሮው ከመድረሱ ከአራት ሳምንት በፊት ሐኪሟን ማማከር ይገባታል።

ማይግሬን ግን በፍጥነት የሚታለፍ አይደለም፤ ምክንያቱም ብዙዎች «ራስ ምታት» ብለው ያልፉታል። ጥያቄው የራስ ምታቱ ብርታት አይደለም፤ ከሕመሙ በፊት የሚመጣ ምልክት መኖር አለመኖሩ ነው። ራስ ምታቱ ሊጀምር ሲል በዓይኗ ላይ የሚብለጨለጭ ወይም የተጠማዘዘ መስመር የምታይ፣ የዕይታዋ ከፊሉ የሚጠፋባት፣ ወይም አንድ እጇና ከንፈሯ አካባቢ የሚደነዝዛት፣ ይህም ከአምስት ደቂቃ እስከ አንድ ሰዓት ቆይቶ የሚለቃት ሴት፣ በየትኛውም ዕድሜ ብትሆን ጥምሩን ክኒን መውሰድ የለባትም። በዚህ ዓይነቱ ማይግሬንና በኢስትሮጅን መደራረብ የስትሮክ አደጋ ይጨምራልና። በአንጻሩ በሥራ ድካም፣ በእንቅልፍ እጦት ወይም በጾም ሰዓት መርዘም የሚመጣ ተራ ራስ ምታት ክኒኑን አይከለክልም።

አሁን ስለ ሌሎች መድኃኒቶች ልናገር፤ አንድ ያጋጠመኝንም ልጨምር። ሃያዎቹ ውስጥ የምትሆን አንዲት እህት ክኒን ልትገዛ መጣች። «ሌላ የምትወስጂው መድኃኒት አለ እንዴ፣ እህቴ?» አልኳት። «የለም» አለችኝ። ግፊቷን ለክቼ፣ ጥያቄዎቹን ጨርሼ፣ ክኒኑን ላወጣ ስል እንደ ቀልድ አድርጋ «ከጤና ጣቢያ በነጻ የሚሰጠኝ የሳንባ ክኒን ካልሆነ በቀር፤ ሽንቴን እንኳ ብርቱካን ያስመሰለው እሱ ነው» አለች። በገንዘቧ ስላልገዛችው ከመድኃኒት አልቆጠረችውም። ሽንትን ብርቱካናማ የሚያደርገው ሪፋምፒሲን ነው፤ በአገራችን በስድስት ወሩ የሳንባ ነቀርሳ ሕክምና ውስጥ ከመጀመሪያው ቀን እስከ መጨረሻው የሚሰጥ መድኃኒት። ሪፋምፒሲን ጉበት ሆርሞኖችን በፍጥነት እንዲያስወግድ ስለሚያደርግ፣ ክኒኑን አንድ ቀን ሳትረሳ የምትውጥ ሴት እንኳ ልታረግዝ ትችላለች። ውጤቱም ሕክምናው ካለቀ በኋላ ለአራት ሳምንታት ያህል ይቆያል። ለዚያች እህት የሚስማማት በየሦስት ወሩ የሚወጋው መርፌ ወይም ሉፕ ነበር፤ ሁለቱም በሪፋምፒሲን አይነኩም። ወደ ጤና ጣቢያዋ መለስኳት፤ መርፌውንም በዚያው ሳምንት ጀመረች። ስለዚህ ባለሙያ «ሌላ መድኃኒት አለ?» ብሎ ሲጠይቃችሁ በገንዘብ የተገዛውንም፣ በነጻ የተሰጠውንም፣ ከውጭ አገር ዘመድ የላከውንም ጭምር ንገሩት።

የሚጥል በሽታ መድኃኒቶችም እንዲሁ ናቸው። ፌኖባርቢታል፣ ፌኒቶይንና ካርባማዜፒን የክኒኑን ኃይል ይቀንሳሉ። ላሞትሪጂን ግን በተቃራኒው ራሱ በክኒኑ ምክንያት ከደም ውስጥ ስለሚቀንስ፣ በሽታው በመድኃኒቱ ጸጥ ብሎላት የቆየች ሴት ክኒን በጀመረች በሳምንታት ውስጥ ልትወድቅ ትችላለች። የኤችአይቪ ሕክምናን በሚመለከት፣ አሁን በስፋት የሚሰጠው ዶሉቴግራቪር ከክኒኑ ጋር አይጋጭም። በዚህ አጋጣሚ አንድ የተለመደ ስጋት ልቀንስ፦ እንደ አሞክሳሲሊንና ዶክሲሳይክሊን ያሉት የተለመዱ አንቲባዮቲኮች የክኒኑን ሥራ አያደናቅፉም። ለጉሮሮ ሕመም አንቲባዮቲክ ታዘዘልኝ ብላ ክኒኗን ያቋረጠች ሴት ያለ ምክንያት ራሷን ለእርግዝና አጋልጣለች። ክኒኑ ኤችአይቪን ጨምሮ በግብረ ሥጋ ግንኙነት የሚተላለፍ ማንኛውንም በሽታ እንደማይከላከልም መዘንጋት የለበትም፤ ለዚያ ያለው ኮንዶም ነው።

ጥያቄዎቹ ተጠይቀው መልሱ ደህና ከሆነ ወደ ፓኬቱ እንመጣለን። እስቲ ይህን የያዝኩትን ተመልከቱ። በአራት ረድፍ 28 ፍሬዎች አሉ፤ በላያቸው ቀስቶች ታትመዋል። 21ዱ አንድ ዓይነት ቀለም አላቸው፤ ሆርሞኑ ያለው በእነሱ ውስጥ ነው። የመጨረሻዎቹ ሰባት፣ ብዙ ጊዜ ቡናማ የሆኑት፣ ሆርሞን የላቸውም፤ የያዙት ብረት ነው። የወር አበባዋ ብዙውን ጊዜ የሚመጣው እነዚህን ቡናማዎቹን በምትውጥበት ሳምንት ነው። ሆርሞን ስለሌላቸው ለደም ማነስ ለልጃቸው የሚሰጡ፣ ወይም «ቫይታሚን ናቸው» ተብለው የሚጣሉባቸው ቤቶች አሉ። ለሕፃን መስጠት አደገኛ ነው፤ ክኒኑም ብረቱም ከሕፃናት እጅ መራቅ አለባቸው። መጣላቸው ደግሞ በራሱ እርግዝና ባያመጣም፣ ሴትየዋ የቀን ቆጠራዋን እንድታጣ ያደርጋታል።

ከመጀመሪያው ላይ ያልኩት ሁለተኛው የአደጋ ቦታ እዚህ ነው። ሆርሞን የሌለባቸው ሰባት ቀናት ለሰውነት የተፈቀደለት ረፍት ናቸው፤ በእነዚህ ቀናት እንቁላል ማምረቻው ከእንቅልፉ መንቃት ይጀምራል። በስምንተኛው ቀን አዲሱ ፓኬት ከተጀመረ መልሶ ይተኛል። ቀኑ ዘጠኝ፣ አሥር ከሆነ ግን እንቁላል ሊወጣ ይችላል። ስለዚህ ከሁሉም የከፋው መርሳት በአዲሱ ፓኬት የመጀመሪያ ፍሬዎች ላይ የሚደርሰው ነው፤ ምክንያቱም ረፍቱን ያረዝመዋል። በእኛ አገር ደግሞ ይህን የሚያባብስ ነገር አለ። ብዙ ሴቶች «አንድ ፓኬት ለአንድ ወር» ብለው ያስባሉ፤ ወራችን ግን 30 ቀን፣ ፓኬቱ ግን 28 ፍሬ ነው። መስከረም 1 የጀመረች ሴት መስከረም 28 ትጨርሳለች። «ጥቅምት 1 እጀምራለሁ» ብላ ሁለት ቀን ከጠበቀች ያለ ሆርሞን የቆየችው ሰባት ሳይሆን ዘጠኝ ቀን ሆነ ማለት ነው። በየወሩ እንዲህ ስታደርግ ከርማ ያረገዘች ሴት «ክኒኑ ከዳኝ» ብትል ማን ይፈርድባታል? የነገራት አልነበረማ። አዲሱ ፓኬት የሚጀመረው በመስከረም 29 ነው፤ አሮጌው ባለቀ ማግሥት፣ ደሙ ቆመም አልቆመም፣ ወሩ ተፈጸመም አልተፈጸመም። ሁለተኛውን ፓኬት የመጀመሪያው ሳያልቅ፣ ቡናማዎቹ ላይ ሲደረስ መግዛት ደግሞ ጥሩ ልማድ ነው፤ በበዓል ሰሞን ወይም መድኃኒቱ ከገበያ በጠፋበት ጊዜ የሚደርሰውን ድንገተኛ መቋረጥ ያስቀራል። 21 ፍሬ ብቻ የያዘ ፓኬት የምትጠቀምም ሰባት ቀን አርፋ በስምንተኛው ቀን ትጀምር፤ ሕጉ ያው ነው።

ለመጀመሪያ ጊዜ ስትጀምሩ፣ የወር አበባ በመጣ በአምስት ቀን ውስጥ ከሆነ ወዲያውኑ ይሠራል። በሌላ ቀን ከተጀመረ፣ እርግዝና አለመኖሩ ከተረጋገጠ በኋላ፣ ለሰባት ቀን ኮንዶም መጨመር ያስፈልጋል። ሰዓቱን በሚመለከት፣ ከማታ ከእራት በኋላ ያለው ሰዓት ለብዙ ሴቶች ይመቻል፤ ማቅለሽለሹም ይቀላል፣ በዓቢይ ጾምም ሆነ በረመዳን ከጾሙ ጋር አይጋጭም። «ጾም ስለሆነ ክኒኑን አቆምኩ» የሚል ቃል በየዓመቱ እሰማለሁ፤ የማታ ሰዓት ለዚህ መልስ ነው።

አንድ ፍሬ የረሳች እንዳስታወሰች ትዋጠው፣ የዕለቱንም በሰዓቱ ትውሰድ፤ በአንድ ቀን ሁለት መዋጥ ቢሆንም ጉዳት የለውም። ሁለት ወይም ከዚያ በላይ በተከታታይ ያመለጣት ግን በመጨረሻ ያመለጣትን አንድ ፍሬ ወዲያው ትውሰድ፣ የቀሩትን የተዘለሉ ትተው፣ ከዚያ በኋላ ሰባት ሆርሞን ያላቸውን ፍሬዎች በተከታታይ እስክትውጥ ድረስ ኮንዶም ትጠቀም ወይም ትታቀብ። ይህ የሆነው በሦስተኛው ረድፍ ላይ ከሆነ ቡናማዎቹን ዘላ በቀጥታ አዲሱን ፓኬት ትጀምር፤ ምክንያቱ ቅድም ያልኩት ነው፣ ረፍቱ እንዳይረዝም። በመጀመሪያው ረድፍ ላይ ከሆነና ባለፉት አምስት ቀናት ውስጥ ግንኙነት ካደረገች፣ ድንገተኛ መከላከያ የሆነውን፣ ፖስትፒል በሚል ስም የምታውቁትን ዓይነት፣ ሳትዘገይ ትጠይቅ። ይህ መድኃኒት በ72 ሰዓት ውስጥ፣ ያውም በቶሎ ሲወሰድ ነው በደንብ የሚሠራው፤ የመደበኛውን ክኒን ቦታ ግን ሊተካ አይችልም። ክኒን ከዋጠች በኋላ በሁለት ሰዓት ውስጥ ያስመለሳት ሌላ ፍሬ ትውሰድ፤ ትውከቱ ወይም ተቅማጡ ከሁለት ቀን በላይ ከቆየ ፍሬዎቹ እንዳመለጧት ትቁጠር። ክኒኖች አምልጠዋት የወር አበባዋ ከቀረ ደግሞ የእርግዝና ምርመራ ታድርግ፤ ሳታውቅ በእርግዝና ላይ የዋጠችው ክኒን ፅንሱን እንደሚጎዳ የታወቀ ነገር የለም፣ በዚህ አትጨነቅ።

በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ማቅለሽለሽ፣ የጡት መወጠር፣ ቀላል ራስ ምታትና ከወር አበባ ውጭ ጠብ ጠብ የሚል ደም ሊኖር ይችላል። ይህ በአብዛኛው በራሱ ይለቃል፤ ማቋረጥ ግን ደሙን ያባብሰዋል። ከዚህ ባለፈ ግን ከጎረቤት የሚሰማው ይበዛል። ክኒኑ ሆድ ውስጥ አይጠራቀምም፤ ይሟሟል፣ በጥቂት ቀናትም ከሰውነት ይወጣል። መካን አያደርግም፤ ስታቆም የመውለድ አቅሟ ሳይዘገይ ይመለሳል። ስለ ካንሰር የሚባለውን በሙሉ ሐሰት ነው ብዬ አላልፍም፦ በምትወስድበት ጊዜ የጡት ካንሰር ዕድል በትንሹ ይጨምራል፣ ካቆመች በኋላ በአሥር ዓመት ገደማ ይጠፋል፤ ከአምስት ዓመት በላይ ስትወስድ የማህፀን በር ካንሰር ዕድልም በጥቂቱ ይጨምራልና ምርመራውን አትተው። በሌላ በኩል የእንቁላል ማምረቻና የማህፀን ግድግዳ ካንሰርን ይቀንሳል፤ ይህ ጥቅሙም ካቆመች በኋላ ለብዙ ዓመታት ይቆያል።

ከነዚህ ወሬዎች ሁሉ በእኔ ዕይታ በጣም ጎጂው «ማህፀኔን ላሳርፈው» የሚለው ነው። ክኒኑን ለሁለት፣ ለሦስት ወር አቁሞ እንደገና መጀመር ለሰውነት እንደ ቸርነት ይታያል። በተቃራኒው፣ ደም የመርጋት አደጋ ከፍ የሚለው በመጀመሪያው ዓመትና ከአራት ሳምንት በላይ አቋርጦ እንደገና ሲጀመር ነው። ስለዚህ በየጊዜው የምታሳርፍ ሴት ያንን የመጀመሪያውን አደገኛ ጊዜ ደጋግማ ትገባበታለች፤ በመካከሉም ሳታስበው ታረግዛለች። ጤነኛ የሆነች፣ የማታጨስ፣ ግፊቷም ደህና የሆነ ሴት ለዓመታት ሳታቋርጥ ልትወስደው ትችላለች።

የደም መርጋቱ አደጋ በመጠኑ ይታወቅ። ክኒን ከማይወስዱና ካላረገዙ 10 ሺህ ሴቶች መካከል በዓመት ሁለት ያህሉ ደም ይረጋባቸዋል። ሌቮኖርጄስትረል የተባለውን የፕሮጄስቲን ዓይነት የያዘውን የተለመደውን ጥምር ክኒን ከሚወስዱት ውስጥ ከ5 እስከ 7 ይሆናሉ፤ ድሮስፒረኖን ወይም ዴሶጄስትረል የያዙት ላይ ደግሞ ከ9 እስከ 12። በእርግዝናና በአራስነት ጊዜ ያለው አደጋ ከእነዚህ ሁሉ ይበልጣል። አደጋው ትንሽ ነው፣ ነገር ግን የደረሰባት ሴት በሰዓታት ውስጥ ሕክምና ያስፈልጋታል። ከአዲስ አበባ ወደ ዋሽንግተን እንደሚደረገው ባለ ረጅም በረራ ላይ ያለች ደግሞ ከወንበሯ እየተነሣች መንቀሳቀስና ውኃ መጠጣት አለባት።

ምልክቶቹን ልንገራችሁ፤ እባካችሁ እቤት ላሉትም አስተላልፉ። አንድ እግር ብቻ፣ በተለይ ባቱ፣ ያብጣል፣ ይሞቃል፣ ያማል። ደረት ይወጋል፣ ትንፋሽ ያጥራል፣ ደም የቀላቀለ ሳል ይመጣል። እስከዛሬ አይታው የማታውቀው ዓይነት ኃይለኛ ራስ ምታት ይነሣል። ዕይታ በድንገት ይደበዝዛል ወይም ይጠፋል፤ አንደበት ይተሳሰራል፣ በአንድ ጎን ያለ እጅና እግር ይዝላል። በላይኛው ሆድ ላይ ብርቱ ሕመም ይሰማል፣ ዓይን ቢጫ ይሆናል። ከእነዚህ አንዱ ከታየ ክኒኑ ይቁም፣ በዚያው ቀን፣ በዚያው ሰዓት ወደ ሆስፒታል ይኬድ። ባቱ ያበጠውን እግር ማሸት፣ ወጌሻ ጋ መውሰድ፣ «ብርድ ነው» ብሎ ማደር አይገባም፤ የረጋው ደም ተነቅሎ ወደ ሳንባ ሊሄድ ይችላልና።

አሁን የምናገረው ለባሎችም፣ ለአማቶችም፣ ለወላጆችም ነው። ክኒኑን በምሥጢር የሚወስዱ ብዙ ሴቶች አሉ፤ በሽሮ ዕቃ ውስጥ፣ በልብስ እጥፋት፣ በሥራ ቦታ መሳቢያ ውስጥ ተደብቆ የሚቀመጥ ፓኬት አውቃለሁ። የሚደበቅ ክኒን ሰዓቱን ጠብቆ አይዋጥም፤ እንግዳ ሲበዛ ይዘለላል፣ አማት ስትመጣ ይዘለላል፣ ቀኑ ይጠፋል። በዚህ አዳራሽ የተገኛችሁ ባሎች ሚስታችሁን ከማታው እራት በኋላ «ወሰድሽ እንዴ?» ብላችሁ መጠየቅ ከቻላችሁ፣ ከላይ ካልኩት የመርሳት ጣጣ አብዛኛውን ታስቀራላችሁ። መናገር ለማትችልና በየቀኑ መደበቅ ለሚያስጨንቃት እህት ደግሞ ፓኬት የሌለው መርፌ ወይም በክንድ የሚቀበረው ይሻላታል፤ በመንግሥት ጤና ተቋማት ያለ ክፍያ ይሰጣል፣ በዚህ ምክንያት ዘዴ መቀየርም ነውር የለበትም።

ከሁሉ ይልቅ የሚያሳስበኝ ግን ደረቷን ይዛ፣ ትንፋሽ አጥሯት ድንገተኛ ክፍል የደረሰች ሴት፣ ቤተሰቡ በዙሪያዋ ቆሞ ሐኪሙ «የምትወስጂው መድኃኒት አለ?» ሲላት «የለም» ማለቷ ነው። ሐኪሙ ደም መርጋቱን ለመጠርጠር ያቺን አንዲት መልስ ይፈልጋታል። እንዲህ ያለ ቀን ቢመጣባችሁ፣ «ከሐኪሙ ጋር ለብቻዬ ልነጋገር» ማለት መብታችሁ ነው፤ ሐኪሙም የነገራችሁትን ለባልም ሆነ ለእናት ያለ ፈቃዳችሁ አይናገርም። የክኒኑን ስም ባታስታውሱት እንኳ «በየቀኑ የምውጠው የወሊድ መቆጣጠሪያ አለ» ማለት ይበቃል፤ ቀሪውን እኛ እናጣራለን።